የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች የናስካር ጎማ ቀያሪዎች ሲሆኑ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የናስካር ውድድር በቲቪ አይታችሁ «እነዚህ ግንብ ዘለው የሚወጡት ግዙፍ ልጆች ከየት መጡ?» ላላችሁ ሁሉ።

ለመጀመር ያህል፣ የፒት ቡድን ምንድን ነው?

ናስካር በ1948 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ዴይቶና ቢች ላይ የተመሠረተ የመኪና ውድድር ድርጅት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መኪኖቹ ከላይ ሲታዩ መንገድ ላይ የምናውቃቸውን ቶዮታ፣ ፎርድና ሼቭሮሌት ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው። ትልቁ እርከን ካፕ ሲሪስ ይባላል፤ በዓመት 36 የነጥብ ውድድሮች አሉት።

አንድ ውድድር ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሃል ጎማው ይበላል፣ ነዳጁም ያልቃል። ስለዚህ መኪናው ከመሮጫው ወጥቶ ፒት ወደሚባለው መቆሚያ ይገባል። ያን ጊዜ አጭሯን ግንብ ዘለው የሚወጡት አምስት ሰዎች የፒት ቡድን ይባላሉ። አራቱንም ጎማ ይቀይራሉ፣ ነዳጅ ይሞላሉ፣ መኪናውን ይለቃሉ። ይሄ ሁሉ 10 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ጎበዝ ቡድን ቀን ሲቀናው ከ9 ሰከንድ በታች ይጨርሳል።

ፉትቦል ሲባል የትኛው ነው?

የአሜሪካው ነው። ሞላላ ኳስ፣ ሄልሜት፣ የትከሻ መከላከያ ያለው። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቅ ነገር ነው። ከ100,000 ሰው በላይ የሚይዙ የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች አሉ። እዚያ የሚጫወት ልጅ ከትምህርቱ ጎን ለጎን እንደ ባለሙያ ስፖርተኛ ነው የሚኖረው። አሰልጣኝ፣ ጂም፣ የምግብ ፕሮግራም፣ በየቀኑ ልምምድ አለው።

ለምንድን ነው በተለይ የፉትቦል ተጫዋቾች የሚፈለጉት?

ብዙ ሰው መልሱ ጡንቻ ይመስለዋል። ጡንቻ ያስፈልጋል፣ አይካድም። አንድ ጎማ ከነቸርኬው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የነዳጅ ዕቃው ሲሞላ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ክሪኩ ብቻውን 10 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ይዞ መሮጥ፣ መታጠፍ፣ መንበርከክ፣ ደግሞ ብድግ ማለት አለ። ግን ጡንቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብደት አንሺዎችን ይቀጥሩ ነበር።

ዋናው ነገር የፉትቦል ተጫዋች ለአጭር ፍንዳታ የተሠራ መሆኑ ነው። አንድ የፉትቦል እንቅስቃሴ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ተጫዋቾቹ ይሰለፋሉ፣ ኳሱ ይለቀቃል፣ ሁሉም የተሰጠውን ሥራ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ያልቃል። ከዚያ ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይሰለፋሉ። የፒት ሥራም እንደዚሁ ነው። ሰላሳ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። ከዚያ ድንገት 10 ሰከንድ ያለ ስህተት መሥራት።

ሌላው ደግሞ፣ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው፣ መታረምን መልመዳቸው ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች በየሳምንቱ ቪዲዮ ፊት ተቀምጦ «እግርህ እዚህ ጋ ግማሽ እርምጃ ተሳስቷል» እየተባለ ነው ያደገው። አይቀየምም። ነገ አስተካክሎ ይመጣል። አንዲት እንቅስቃሴን ሺህ ጊዜ መደጋገም አይሰለቸውም። ከጎኑ ያለው ልጅ ሥራውን እንደሚሠራ ያምናል፣ ዞር ብሎ አያይም። ይህን ጸባይ ከዜሮ ማስተማር ዓመታት ይፈጃል። ጎማ መፍታትን ግን በወራት ማስተማር ይቻላል።

ይሄ ነገር መቼ ተጀመረ?

ድሮ በሳምንቱ ቀናት መኪናውን የሠሩት መካኒኮች ናቸው እሑድ ደግሞ ጎማውን የሚቀይሩት። ጋራዡም፣ ፒቱም አንድ ሰው ነበር። ፍጥነትን እንደ ራሱ ሙያ ቀድመው ያዩት ከቨርጂኒያዋ ስቱዋርት ከተማ የመጡት ዉድ ወንድማማቾች ናቸው። በ1960ዎቹ የፒቱን እንቅስቃሴ አጥንተው፣ መሣሪያውን ራሳቸው አሻሽለው ሌላውን ጥለውት ሄዱ። በ1965 ጂም ክላርክ በሎተስ መኪና ኢንዲያናፖሊስ 500ን ሲያሸንፍ የፒቱን ሥራ የሠሩለት እነሱ ነበሩ። ከናስካር ወጥተው በሌላ ዓይነት ውድድር ማለት ነው። ስማቸው ምን ያህል ገንኖ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

ስፖርተኛ የማምጣቱ ሐሳብ ግን የ1990ዎቹ ነው። ሄንድሪክ ሞተርስፖርትስ የሚባለው የናስካር ቡድን ጄፍ ጎርደን የሚባል ወጣት አሽከርካሪ ነበረው። የቡድኑ አለቃ ሬይ ኤቨርንሃም ነበር። ኤቨርንሃም አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ሳምንቱን ሙሉ ሞተር ስር ተኝቶ የደከመ መካኒክ እሑድ ለምን ይሮጣል? በ1992 አንዲ ፓፓታናሲዩ የሚባል ሰው ወደ ቡድኑ መጣ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የተጫወተ ላይንማን (ፊት መስመር ላይ ተሰልፎ የሚገፋ ግዙፍ ተጫዋች) ነው። የፒት ቡድን አሰልጣኝ የሚባለው ሥራ ከእሱ ጋር ነው የመጣው። ጂም አስገባቸው፣ ቪዲዮ አስቀረጸ፣ ልምምድን የዕለት ተዕለት ሥራ አደረገው። ጎርደን በ1995፣ በ1997 እና በ1998 ሻምፒዮን ሆነ። ሌሎቹ ቡድኖች ይህን እያዩ ዝም ሊሉ አልቻሉም።

ሌላም መንገድ ነበር። ጆ ጊብስ የዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ሦስት ሱፐር ቦውል (የፉትቦሉን የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ) ያሸነፈ ሰው ነው። በ1992 የራሱን የናስካር ቡድን አቋቋመ። በዓመቱ ዴል ጃሬት ለእሱ እያሽከረከረ የናስካርን ትልቁን ውድድር፣ ዴይቶና 500ን አሸነፈ። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ ተጫዋች ሲመለምል የኖረ አሰልጣኝ የፒት ቡድን ሲያዋቅር የት ሄዶ ሰው እንደሚፈልግ መገመት አይከብድም። ጊብስ ዛሬ በፉትቦሉም በናስካሩም የዝና አዳራሽ ውስጥ ስሙ ያለ ሰው ነው።

አምስቱ ሰዎች ምን ምን ይሠራሉ?

ሁለት ጎማ ፈቺዎች አሉ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። አንድ ጎማ ተሸካሚ። አንድ ክሪክ ያዥ። አንድ ነዳጅ ቀጂ። እስከ 2010 ሰባት ነበሩ። በ2011 የነዳጅ አቀዳዱ ሲቀየር የሚፈሰውን ነዳጅ የሚቀበለው ሰው ቀረ። በ2018 ደግሞ ከሁለቱ ጎማ ተሸካሚዎች አንዱ ተቀነሰ። ሥራው ግን አልቀነሰም። የተቀነሰው ሰው ይሸከም የነበረውን ክሪክ ያዡና ጎማ ፈቺዎቹ ተካፈሉት።

አንዷን ፒት እንያት። መኪናው እየመጣ ነው። አንድ መቆሚያ ያህል ሲቀረው ልጆቹ ከግንቡ ይዘላሉ። ግንቡ ያለው በመኪናው በግራ በኩል ነው፤ እነሱ ግን መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ገና ባልቆመ መኪና አፍንጫ ስር ዞረው ይሮጣሉ። ክሪክ ያዡ ክሪኩን ሰክቶ በአንድ ግፊት የመኪናውን ጎን ያነሳል። ሁለት ጊዜ ከገፋ ዘገየ ይባላል። ጎማ ፈቺው በጉልበቱ ተንሸራቶ ሲደርስ በአየር ግፊት የሚሠራው መፍቻ ዳዶው ላይ አርፏል። ዝዝዝ፣ ወጣ። አሮጌው ጎማ ይነሳል፣ አዲሱ ይገባል፣ ዝዝዝ፣ ጠበቀ። ክሪኩ ይወርዳል። አሁን ሁሉም ወደ ግራ ይሮጣል፣ ያንኑ ይደግማል። ነዳጅ ቀጂው ይሄ ሁሉ ሲሆን ከኋላ በግራ በኩል ቆሞ ዕቃውን አዘንብሎ ይዟል። ነዳጁ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ፓምፕ የለም። አንድ ዕቃ ታንኩን ስለማይሞላ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይቀበላል።

በመጨረሻ ክሪክ ያዡ ክሪኩን ሲለቅ መኪናው መሬት ይመታል። ለአሽከርካሪው «ሂድ» ማለት ይሄ ነው። አንዱ ዳዶ ሳይጠብቅ ክሪኩን ከለቀቀ መዘዙ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ክሪክ ያዡ የቡድኑ ዓይን የሚባለው። ፉትቦል ላይ ሜዳውን ሁሉ ማንበብ የለመዱ ላይንባከሮች (ከመከላከል መስመሩ ጀርባ የሚቆሙ ተጫዋቾች) እዚህ ቦታ ላይ ብዙ የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ የትኛው ተጫዋች የቱን ቦታ ይይዛል?

በጥቅሉ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ላይንማኖች ወደ ነዳጅ ያመራሉ። 40 ኪሎ ትከሻ ላይ ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም ለእነሱ ብርቅ አይደለም። ላይንባከሮችና ታይት ኤንዶች (ተጋጣሚን የሚያግዱም፣ ኳስ የሚቀበሉም ተጫዋቾች) ክሪክና ጎማ ይይዛሉ። ጎማ ፈቺነት ግን የእጅና የዓይን ቅንጅት ነው። እዚያ ከፉትቦል ይልቅ ቤዝቦል፣ ሆኪ ወይም ትግል የተጫወቱ ልጆች ሲበረክቱ ታያላችሁ።

ሄንድሪክ ውስጥ ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የመጣ ላይንማን ነዳጅ ቀድቷል፣ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ የመከላከል ላይንማን ክሪክ ይዟል። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሳይሰጠው የፉትቦል ቡድኑን የተቀላቀለ ላይንባከር ደግሞ ጎማ ተሸካሚ ሆኗል። አላባማ ማለት በዚያ ዘመን ዋንጫ እንደ ልማድ የሚወስድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ፎርሙላ ዋን በ2 ሰከንድ ይጨርስ የለ? እነዚህ ለምን 10 ይፈጅባቸዋል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐበሻ የለም፤ ፎርሙላ ዋን ስለምናይ። ማክላረን በ2023 ኳታር ላይ በ1.80 ሰከንድ ጎማ ቀይሯል። ግን እዚያ መኪናውን የሚከቡት 20 ሰዎች ያህል ናቸው። ለአንድ ጎማ ብቻ ሦስት ሰው አለ። መኪናው ከፊትም ከኋላም በአንዴ ይነሳል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በውድድር መሃል ነዳጅ አይሞላም።

ናስካር ላይ አምስት ሰው ብቻ፣ አንድ ክሪክ ብቻ። ጎኑ በየተራ ነው የሚነሳው። መኪናው 1,500 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ነዳጅም መሞላት አለበት። ከነዳጅ ቀጂው በቀር አራቱም ሰዎች መኪናውን ዞረው ይሮጣሉ። ስለዚህ ሁለቱን በሰከንድ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። እንደ ስፖርት ካየነው ግን፣ አንድ ሰው የሚያደርገው እንቅስቃሴ በናስካር ይበዛል። ስፖርተኛ የሚፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ መኪና ማወቅ የግድ ነው?

አይደለም። ብዙዎቹ ከመቀጠራቸው በፊት የናስካር ውድድር አይተው አያውቁም። አሰልጣኞቹም ይህን አይጠሉትም፤ መጥፎ ልማድ ይዞ ያልመጣን ልጅ ከመጀመሪያው ማስተማር ይቀላል። ቀስ በቀስ ግን ያውቁታል። ጎማው እንዴት እንደተበላ፣ መኪናው ለምን አልታጠፍ እንዳለ፣ አለቃው ለምን ሁለት ጎማ ብቻ እንዳዘዘ ካልገባህ የቡድኑ ሰው አትሆንም።

አንድ ሰከንድ ይሄን ያህል ዋጋ አለው?

አለው። በትልልቆቹ ትራኮች ላይ መኪኖቹ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራሉ። ይህ በሰከንድ 80 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ከ2017 ጀምሮ ውድድሩ በምዕራፍ ተከፍሏል። ምዕራፉ ሲያልቅ አብዛኛው መኪና አንድ ላይ ፒት ይገባል። ሦስተኛ ሆኖ የገባ ስድስተኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ትራክ ላይ መቅደም በጣም ከባድ በሆነበት ዘመን አሽከርካሪው በ50 ዙር የማያገኘውን ቦታ አምስት ልጆች በ10 ሰከንድ ይሰጡታል። ወይም ይነጥቁታል።

እንዴት ነው የሚመለመሉት?

ትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮች አሏቸው። ከኮሌጅ አሰልጣኞች ጋር ይገናኛሉ። በተለይ የጂም አሰልጣኞች ማን ፈጣን፣ ማን ታዛዥ፣ ማን ሰዓት አክባሪ እንደሆነ ያውቃሉ። አብዛኞቹ ቡድኖች ያሉት ሻርለት ዙሪያ ነው፤ ኮንኮርድ፣ ሃንተርስቪል፣ ሙርስቪል። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ዋና ምንጭ ናቸው። ግን ከየትም ይመጣሉ።

ሄንድሪክ የኮሌጅ ስፖርተኞችን ኮንኮርድ ጠርቶ ይፈትናል። ፍጥነት፣ ዝላይ፣ የእግር አጣጣል፣ ክሪክ ይዞ መሮጥ፣ ጎማ ማንሳት አለ። ጠንካራ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚማር ሰው ነው የሚፈልጉት። አንድ ነገር አሳይተውህ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ማሻሻልህን ያያሉ። ያለፈ ልጅ ቀጥታ ካፕ ላይ አይወጣም። ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት ይለማመዳል። ከዚያ በፒክአፕ መኪኖች ውድድርና በሁለተኛው እርከን ይሞከራል።

ሳምንታቸው ምን ይመስላል?

ሰኞ ቪዲዮ አለ። ከመቆሚያው በላይ የተሰቀለ ካሜራ እያንዳንዷን ፒት ይቀርጻል። እግር የት እንዳረፈ፣ እጅ መቼ እንደተነሳ፣ ማን ማንን እንዳገደ በዝግታ ይታያል። ከዚያ ጂም፣ ማሳጅ፣ ሕክምና፣ ልምምድ። የልምምድ መኪና አለ፤ ሰው ነድቶት ይመጣል፣ ይቆማል፣ እነሱ ይዘላሉ። ደግሞ ከመጀመሪያው።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ከኮንኮርድ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ውድድሩ ሲያልቅ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። አንድ ውድድር ላይ 10 ጊዜ ፒት ቢኖርና እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ የቀኑ ሥራ 100 ሰከንድ ነው። በ36 ውድድር ሲባዛ አንድ ሰዓት። ዓመቱን ሙሉ የሚለማመዱት ለዚያች አንድ ሰዓት ነው። ይህን ሳስብ ለእነዚህ ልጆች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ደመወዙስ?

ኮንትራቱ በሰውየውና በቡድኑ መካከል ስለሆነ እንደ ፉትቦሉ በአደባባይ አይነገርም። እንደ ቦታው፣ እንደ ልምዱ፣ እንደ ቡድኑ አቅም ይለያያል። የታወቀው ነገር ትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ቋሚ ሥራ መሆኑ ነው። ሲያሸንፉ ደግሞ ጉርሻ አለ። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካው የፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ከሚከፈለው ጋር አይቀራረብም። ቤተሰብ ይዞ ሻርለት አካባቢ ለመኖር ግን ይበቃል።

አደገኛ ነው?

አዎ። በ1990 አትላንታ ላይ አንድ የኋላ ጎማ ፈቺ በሥራ ላይ እያለ ተንሸራቶ የመጣ መኪና ገጭቶት ሞቷል። በቀጣዩ ዓመት በፒት መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን ተደነገገ። ያን ወሰን ዛሬ ሁሉም እንደ ተራ ነገር ያየዋል፤ የመጣው ግን በሰው ሕይወት ነው። ዛሬ ሁሉም ሄልሜትና እሳት የሚከላከል ልብስ ይለብሳሉ።

ይሁንና አሁንም ይገጫሉ። አሥራ ምናምን መኪና ባንዴ ሲገባና ሲወጣ ጠባብ ነው። የእግር መሰበር፣ የጉልበት ጉዳት፣ የወገብ ሕመም አለ። በሐምሌ ሙቀት ያን ልብስ ለብሶ መዋሉ ራሱ ፈተና ነው። በሜይ መጨረሻ ሻርለት ላይ የሚደረገው ኮካኮላ 600 ወደ 965 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

ስህተት ቢሠሩ ምን ይደርስባቸዋል?

ቶሎ ከዘለሉ ቅጣት። አሮጌው ጎማ ከእጃቸው አምልጦ ከተንከባለለ ቅጣት። በዚህን ጊዜ መኪናው እንደገና በፒት መንገድ እንዲያልፍ ወይም ከኋላ እንዲሰለፍ ይደረጋል። ከሁሉም የከፋው ጎማው ትራክ ላይ መኪናውን ለቆ ከሄደ ነው። በ2022 የቡድኑ አለቃና ሁለት የፒት ሰዎች ለአራት ውድድር ይታገዱ ነበር። በ2023 ደንቡ ተሻሽሎ አለቃው ቀረ፤ ሁለቱ የፒት ሰዎች ለሁለት ውድድር ይታገዳሉ። በመኪናው ላይ ያለ ሌላ ስህተት ለጋራዡ በሙሉ ይከፋፈላል። ጎማው ሲወልቅ ግን ማን እንደፈታውና ማን ክሪኩን እንደለቀቀ ሁሉም ያውቃል።

በ2022 መኪናው ሲለወጥ ስፖርተኛ አያስፈልግም የተባለው እውነት ነው?

የተሰጋው እንደዚያ ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ጎማ አምስት ዳዶ ነበረው። ጎማ ፈቺው አምስት ይፈታል፣ አምስት ያጠብቃል፤ ሁለት ጎማ ስላለበት በአንድ ፒት 20 ጊዜ ይነካል። ያቺ ፈጣን ድምፅ የሙያው ውበት ነበረች። በ2022 አዲሱ መኪና ሲመጣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ሆነ። 20 ወደ 4 ወረደ። የድሮ ጎማ ፈቺዎች በዓመታት ያካበቱት የእጅ ጥበብ በአንድ ቀን ዋጋው ቀነሰ። አንዳንዶች ቅር አላቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ዳዶው ሲቀንስ ልዩነቱን የሚፈጥረው ሩጫው ሆነ። ማን ቀድሞ መኪናውን ዞረ? ማን በአንድ እርምጃ ቆመ? ጎማውና ቸርኬውም ከበፊቱ ተልቋል፤ ቸርኬው ከ15 ወደ 18 ኢንች ሄዷል። ስለዚህ እግርና ጉልበት የበለጠ ዋጋ አገኙ። ፒት ከ12 እና 13 ሰከንድ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 9 ወረደ። ቡድኖች ለስፖርተኛ የሚያደርጉት ፍለጋ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሴቶችስ? ሌላ ስፖርት የተጫወቱስ?

አሉ፣ ገና ጥቂት ቢሆኑም። በጣም የሚታወቀው ስም ብሬሃና ዳንየልስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። የናስካር የብዝኃነት ፕሮግራም መልማዮች ግቢያቸው ድረስ መጥተው ሲፈትኑ ነው የገባችው። በ2018 ዴይቶና ላይ ጎማ ቀይራ በካፕ ሲሪስ ውድድር በፒት ቡድን የሠራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች።

ፕሮግራሙ በ2004 ነው የተጀመረው። የፒት ሠልጣኞቹን ለረጅም ጊዜ ያሠለጠነው ፊል ሆርተን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመለምለው ከጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ስፖርተኛ ሞልቷቸው የኤንኤፍኤል መልማይ ብዙም የማይጎበኛቸው ናቸው። ናስካር ለረጅም ዘመን የነጮች ብቻ ተብሎ የሚታይ ስፖርት ነበር። ዛሬ ፒት ላይ የሚታየው የቆዳ ቀለም ከአሽከርካሪዎቹ ይልቅ የተለያየ ነው።

እነዚህ እንግዲህ ኤንኤፍኤል ያልተሳካላቸው ናቸው ማለት ነው?

ይሄ አነጋገር ያመኛል። ቁጥሩን እንይ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል እንደሚለው፣ ለድራፍት (ኤንኤፍኤል ከኮሌጅ ተጫዋች ለሚመርጥበት ምርጫ) ብቁ ከሆኑ 100 የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ኤንኤፍኤል የሚገቡት ሁለት እንኳን አይሞሉም፤ 1.6 ናቸው። 32ቱ ቡድኖች በዓመት በዚህ ምርጫ የሚወስዱት 260 ገደማ ልጆችን ነው። የቀሩት በ22 ዓመታቸው አንድ ቀን ጠዋት ይነሳሉ፣ ልምምድ የለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩት አካል አለ፣ የሚሄዱበት ሜዳ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ግራ የሚጋቡት ለዚህ ነው።

ፒት ላይ የደረሱት ያንን ጊዜ ተሻግረው ሌላ ሙያ ከዜሮ የተማሩ ናቸው። ስታዲየም ሲጮህላቸው የነበሩ ልጆች መጥተው ክሪክ እንዴት እንደሚያዝ እንደ ተማሪ ይጠይቃሉ። ዓለም ላይ ከሁሉ ከባድ በሆነው የጎማ ቅየራ ሥራ የካፕ ሲሪስ ቦታ ያላቸው ሁለት መቶ ሰዎች ቢሆኑ ነው። ይህን ያልተሳካለት ማለት ትክክል አይደለም።

ስንት ዓመት ይሠራሉ?

ከፉትቦል ይረዝማል። እንደ ፉትቦል ሁልጊዜ ከሰው ጋር መጋጨት ስለሌለ ሰላሳዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሠራል። ጉልበትና ወገብ ናቸው የሚያቆሙት። ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ፣ መልማይ ወይም የቡድን ሠራተኛ ሆኖ የሚቀር አለ።

ሻርለት አካባቢ ነው የምንኖረው። ልጃችን የኮሌጅ ስፖርተኛ ነው። ሊሞክር ይችላል?

ለምን አይችልም! ሻርለትና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ኮንኮርድ ደግሞ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልጃችሁ ፉትቦል ባይጫወትም ግድ የለም። ሯጭ፣ ታጋይ፣ ቅርጫት ኳስ ወይም እግር ኳስ ተጫዋች ቢሆንም ፈጣን እግርና ጥሩ ጸባይ ካለው ያዩታል። መጀመሪያ ዲግሪውን ይጨርስ። ከዚያ ለኮሌጁ የጂም አሰልጣኝ ፍላጎቱን ይንገረው፤ መልማዮቹ መጀመሪያ የሚደውሉት እዚያ ነው። የብዝኃነት ፕሮግራሙም በር ነው።

ወላጆች ሥራው ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ መሃል ሻርለት ያለው የናስካር የዝና አዳራሽ ውስጥ ጎብኚ ራሱ ፒት የሚሞክርበት ቦታ አለ። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ጎማውን ራሳችሁ አንስታችሁ ቅመሱት፤ ከዚያ በኋላ ልጃችሁ «ጎማ መቀየር ልማር ነው» ቢላችሁ ለዚህ ነው ወይ ያስተማርኩህ አትሉትም።